ሌባ የተባለ ኮምፒውተር

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ዩኑስ አብዱልሃሚድ፤ ፖርት ኤልሳቤጥ፣ ደቡብ አፍሪካ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ነህልኝ ጋሼ? ሰውነትህስ? በግርግሩ ጊዜ የተመታው ትከሻህ ዳነልህ ወይስ አሁንም ብርድ ባየ ቁጥር ይጠዘጥዝሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የተጠጋህበት የወልቂጤው ሰውዬ ፊቱ አልጠቆረብህም? የሚበላው ይስማማዋል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች እናታችን፤ ቆጮ የሌለበት አገር ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር እስከ ዛሬ አልገባትም። እኛ አላህ የተመሰገነ ይሁን፣ በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ መናኸሪያ ያለውን የጨርቅ ሱቋን አንድ ቀን ዘግታ አታውቅም። እኔም ደህና ነኝ። «ደህና» የሚለው ቃል ስንት ነገር ችሎ እንደሚቆም ግን አንተም ታውቀዋለህ።

ይህ ጽሕፈት የማን ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። የምትጽፍልኝ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን አስካለ ናት፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። ጴንጤ ናት፤ እኛ ቤት የረመዳን ፊጥራችንን ስትቀምስ፣ እኔ እሷ ቤት መዝሙሯን ስሰማ አንድ ቤተሰብ ሆነናል። አሁን ያለሁት እሷ ቤት ነው። እናታችን የማትሰማው ነገር ስላለ ነው እዚህ የመጣሁት፤ ኋላ እነግርሃለሁ። ቃሌን እንዳታሳምሪው፣ እንዳለ ጻፊው ብያታለሁ። አንድ ገጽ በጨረሰች ቁጥር መልሳ ታነብልኛለች፤ መቼስ አሰልችቻታለሁ።

ድሮ ቢሆን እኔው ራሴ ነበርኩ የምጽፍልህ። በኢሜይል፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየለቀምኩ። አንተም በዚያው ትመልስልኛለህ፣ ጠሀም ያነብልኛል። ጠሀ ማን እንደሆነ ረስተኸው እንደሆነ፣ ካቻምና በሰው እጅ የላክልኝ ላፕቶፕ ውስጥ የሚናገረው ሰውዬ ነው። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደ እኔ ያለ አንድ ዓይነ ስውር ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ እያነበበለት ሲሠራ አይተህ፣ አጠገቡ ቆመህ ጠይቀህ፣ ፕሮግራሙን ከነካርቶኑ ገዝተህ ነበር የላክልኝ። ድምፁን መጀመሪያ ስሰማው አፍንጫው የተደፈነ ፈረንጅ መሰለኝ። ከእናታችን ሱቅ ጎን በርበሬ የሚሸጡት ጋሽ ጠሀ ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ ስበው እንደሱ ነው የሚናገሩት፤ ስለዚህ ጠሀ አልነው። ያንተን ኢሜይል ሲያነብ አማርኛውን እንደ ሰከረ ሰው እየጎተተ ነው። እናታችን ትስቅና «ልጄ እንዲህ ነው እንዴ የሚናገረው አሁን?» ትላለች። ያን ጊዜ በስልክ የነገርከኝን አልረሳውም። «ይሄ የራስሽ ነው፤ ከእንግዲህ አንብቡልኝ ብለሽ ማንንም አትለምኚም» ነበር ያልከኝ።

እውነትህን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መጽሐፍ የሚያነብልኝ ፍለጋ ደጅ ስጠና ነው ያለፈው። ተመርቄ ሀዋሳ ስመለስ ደግሞ ዲግሪዬን ተቀብለው ነጭ ዱላዬን ሲያዩ «እናስብበታለን» የሚሉ ቢሮዎችን በሙሉ አዳርሻለሁ። ያንን በር የከፈተልኝ ጠሀ ነው። በሐይቁ መንገድ ያለው የእርዳታ ድርጅት የቴፕ ንግግር ሰምቶ በእንግሊዝኛ የሚተይብ ሰው ሲፈልግ ላፕቶፔን አንግቤ ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ደምሴ ይባላሉ። «እንዴት አድርገሽ?» አሉኝ። ላሳይዎት አልኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መተየብ ጀመርኩ። ኋላዬ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አንድ ገጽ እንደጨረስኩ «ሰኞ ግቢ» አሉኝ።

ጋሼ፣ ያ ሥራ ምን እንደነበር በደንብ ነግሬህ አላውቅም። አምና በልግ ሳይዘንብ ቀርቶ በየገጠሩ ልጆች ሲጎዱ፣ የድርጅቱ ሰዎች እየዞሩ እናቶችን በቴፕ ይቀዱ ነበር። እናቲቱ በቋንቋዋ ትናገራለች፣ አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ይከተላል። እኔ ያንን ሰምቼ እጽፋለሁ። የጻፍኩት ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ ገንዘብ ሰጪዎቹ አይተውት፣ ለዚያ ቀበሌ አልሚ ምግብ ይላካል ወይም አይላክም። እኔ ሲዳምኛ ከገበያ ቃል በላይ አላውቅም። ግን የአስተርጓሚው እንግሊዝኛ ከመምጣቱ በፊት በእናቲቱ ድምፅ ብቻ ልጁ ይኑር አይኑር እለያለሁ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሰምቼ ቤት ስገባ እናታችን ውሃ አስይዛኝ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ቢሆንም ወንበር ነበረኝ። ሰዎች መጥተው ይቺ ቃል በእንግሊዝኛ እንዴት ትጻፋለች ብለው የሚጠይቁኝ ወንበር።

ግንቦት ላይ ያንተ ነገር መጣ። ሬዲዮው የውጭ አገር ሰዎች ሱቅ እየተቃጠለ ነው ሲል እናታችን እንደቆመች ቀረች። ድምፅህን እስክንሰማ ድረስ የቆየነውን አልነግርህም። ሱቅህ ከነዕቃው መንደዱን፣ አንተ በጓሮ አጥር ዘለህ መውጣትህን ስትነግረን እናታችን «ዕቃ ይንደድ፣ ዕቃ ይንደድ» ብቻ ነበር የምትለው። በዚያው ክረምት እዚህ መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን ሄዶ ሲመለስ ከልክ በላይ መጥቶ የላፕቶፑን ሆድ አቃጠለው። ባህል አዳራሽ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግነው አልአዛር ውስጡ የተቃጠለውን ትልቁን ክፍል በሌላ ቀየረልኝ፤ ጠሀም ተመልሶ ተናገረ። አላህን አመሰገንኩ። ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ቢሮው አዲስ የኢንተርኔት መስመር ባስገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ጠሀ «አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ ልጫን?» አለኝ። እሺ አልኩ። ራሱን ማደሱ ለማሽኑ ደህንነት ጥሩ ነው ሲባል ነው የምሰማው፤ ማንም ቢሆን እሺ ይላል። አውርዶ፣ ጭኖ፣ ጠፍቶ ተነሣ። ከዚያ በዚያው በለመድኩት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛው፣ እንዲህ አለኝ። «ይህ ቅጂ ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። የማጭበርበር ሰለባ ሆነው ይሆናል። ሕጋዊ ተጠቃሚ መሆንዎን ያረጋግጡ።» የተሳሳትኩ መሰለኝና ደግሜ ሰማሁት። ዘለልኩት። ጥቂት እንደሠራሁ በዐረፍተ ነገሬ መሐል ገብቶ ደገመው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን ጭርሱን ዝም አለ። ማሽኑ አልጠፋም። ማራገቢያው ይዞራል፣ ቁልፎቹ ይነካሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ቤት ውስጥ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ እየሰማህ፣ ስትጠራው ካልመለሰልህ እንዴት ነው የምትሆነው? እንደዚያ ሆንኩ። የምታይ ሰው ብሆን መስኮቱን ዘግቼ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ለእኔ ግን መስኮቱም፣ ወረቀቱም፣ እስክሪብቶውም እሱ ነው።

አጥፍቼ ሳስነሣው እንደገና ግማሽ ሰዓት ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። በዚህ ዓይነት ነበር ስሠራ የሰነበትኩት። አጥፍቶ ለማስነሣት ራሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል፤ ለዚያውም መብራት ካለ። ጎኔ የሚቀመጡት ሰዎች መጀመሪያ አዘኑልኝ፣ ኋላ «ናዲያ ዛሬም ሌባ ተባልሽ?» እያሉ ይቀልዱ ጀመር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን የአንዲት እናት ቴፕ እየሰማሁ ነበር። ልጇን ተሸክማ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ስንት ወንዝ እንደተሻገረች ትናገራለች። ልክ «ስደርስ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘችብኝ» የምትልበት ቦታ ላይ ጠሀ ገባና «የማጭበርበር ሰለባ ሆነው ይሆናል» አለኝ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ከዚያ በላይ አልሠራሁም።

አልአዛር ዘንድ ወሰድኩት። ባጃጁ ጉዱማሌ ሜዳ አጠገብ ቆሞብን ቀሪውን በእግሬ ነው የሄድኩት። አልአዛር ማሽኑን ከፍቶ የሚለውን አነበበና ድረ ገጽ ገብተን እናረጋግጥ አለ። የካርቶኑን ቁጥር ነገርኩት፤ በቃሌ ነው የማውቀው። ጻፈው። ከዚያ ሳቀ። ምን ሆንክ ስለው «ሥዕል አመጣ» አለኝ። የተጣመሙ ፊደሎች ያሉበት ሥዕል ነው። ከሥሩ «ሰው መሆንዎን እንድናውቅ በሥዕሉ ላይ የሚያዩትን ፊደሎች ይጻፉ» ይላል። አንብቦልኝ ሲጨርስ ሳቁ ቆመ። «ይሄ ነገር ለማያይ ሰው የተሠራ ፕሮግራም አይደለም እንዴ?» አለ። ነው አልኩት። ከዚያ ፊደሎቹን በእኔ ፈንታ ጻፈልኝ። የመጣው መልስ «ይህ ቁጥር በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል» የሚል ነው። ያ ሌላ የተባለው ኮምፒውተር የራሴው ነው፣ ጋሼ። ሆዱ ከመቀየሩ በፊት የነበረው። በጥገና አካሉ ስለተለወጠ ሌላ ሰው ሰርቆ የወሰደው መሰለው።

ፕሮግራሙን ለሠራው ኩባንያ በኢሜይል ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬን አሳምሬ፣ የመብራቱን ነገር፣ የጥገናውን ነገር፣ ሥራዬን ሁሉ አስረድቼ። መጀመሪያ ማሽን መለሰልኝ። ደግሜ ስጽፍ ሰው መለሰልኝ። ትሑት ነው፤ ስድብ የለው፣ ቁጣ የለው። የተገዛበትን ደረሰኝ ከነሱቁ ማኅተም ይላኩልን፣ ወዲያው እንከፍትልዎታለን ይላል። ደረሰኙ ካንተ ጋር፣ ሱቅህ ውስጥ ነበር። ወንድሜ የገዛበት ደረሰኝ ሱቁ ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል ብዬ መለስኩ። «በቤተሰብዎ ላይ ለደረሰው እናዝናለን፤ ነገር ግን ያለ ማስረጃ ልንረዳዎ አንችልም» አሉኝ። ያን ሰሞን ደውለህልኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ሥራ እንዴት ነው ስትለኝ ቆንጆ ነው አልኩህ። አንተ በሰው ቤት ወለል ላይ እየተኛህ እኔ ስለ ደረሰኝ ላወራህ አልቻልኩም።

አልአዛር «ለምን ትሠቃያለሽ፣ ሰብሬ ልስጥሽ» አለኝ። ቁጥር የማይጠይቅ፣ አፉ የተከፈተ ቅጂ አለ፤ ከተማው ሁሉ የሚሠራው በእንዲህ ያለ ቅጂ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም፣ ፎቶ ቤቱም፣ የሚፈትሹት ራሳቸውም ሳይቀሩ። «የሰረቀው በሰላም ይተኛል፤ የገዛሽው አንቺ ትፈተሻለሽ» አለ። ለእናታችን ስነግራት ተቆጣች። «ልጄ በላቡ የገዛውን ዕቃ ለምን በሌብነት ትጠቀሚበታለሽ? ይሄ ልጄን ሌባ ማለት ነው» አለች። እኔም እምቢ ብዬ ቆየሁ። ግን የዚያ ዙር ሪፖርት ቀን ደረሰ። አቶ ደምሴ ምንም ሳይሉ በጠረጴዛዬ በኩል ያልፋሉ፤ ጫማቸውን አውቀዋለሁ፤ ቆም ይልና ይሄዳል። ወስጄ ለአልአዛር ሰጠሁት። ሰበረው። ጠሀ ያለ ማቋረጥ ተናገረ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። የገዛ ቤቴን በመስኮት ዘልዬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

አልአዛር «ከኢንተርኔት ጋር እንዳታገናኚው» ብሎኝ ነበር። እኔም ተጠንቅቄአለሁ። ሪፖርቱን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ለምሳ ወጣሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ደግነቱ ነው፣ ያለቀው ክፍል ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ቶሎ እንዲደርስ ብሎ የኢንተርኔቱን ገመድ ሰካበት። ስመለስ ማሽኑ አፕዴቱን በራሱ ጊዜ አውርዶ፣ ጭኖ፣ ተነሥቶ ጠበቀኝ። ነካሁት። የለም። አጠፋሁት፣ አስነሣሁት። ያ ሌባ ነሽ የሚለውም ድምፅ እንኳ የለም። ባልደረባዬ አየልኝና «ይህ ቁጥር ለዘለቄታው ታግዷል ይላል» አለኝ፤ ይቅርታ እያለ ገመዱን ነቀለ። እኔ ነኝ ያጽናናሁት።

አቶ ደምሴን በክፉ እንዳታስብብኝ። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። ቢሮአቸው አስጠርተው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። የቀረው ክፍል ሳይተየብ ቆይቶ ሪፖርቱ መዘግየቱን፣ በመዘግየቱ አንድ ወረዳ በዚያ ዙር እርዳታ ውስጥ ሳይገባ መቅረቱን ነገሩኝ። አዲስ ፕሮግራም እንዲገዛልኝ ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው «በጀት ተዘግቷል» መባላቸውንም ነገሩኝ። «እስኪስተካከል ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ፤ እንጠራሻለን» አሉኝ። እጄን ጨብጠው ቶሎ አልለቀቁኝም። «እንጠራሻለን»ን እኔ አውቃታለሁ፤ ስንት ቢሮ ሰምቻታለሁ። ዕቃዬን ልወስድ በነጋታው ስሄድ በእኔ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ትተይባለች። ትፈጥናለች። ቴፑ ክፍት ነበር፤ እናቲቱ ትናገራለች፤ ልጁ በሕይወት ነበረ። ዱላዬን ዘርግቼ ወጣሁ። ግን ጋሼ፣ ያ ሳይገባ የቀረው ወረዳ ከልቤ አልወጣም። በእኔ ማሽን ምክንያት ስንት እናት መንገድ ላይ ቀረች እያልኩ አስባለሁ። አስካለ ይህን ስትጽፍ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለችኝ። እንደዚያም ብለሽ ጻፊ አልኳት። እኔም በቀን እንደዚያ ነው የምለው።

አሁን እናታችን ሱቅ እቀመጣለሁ። ጨርቁን በእጄ ለይቼ አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ደንበኞች ሲገቡ «ይቺ ልጅ ተምራ አልነበር?» ሲሉ እሰማለሁ። እናታችን መቀሷን ጠበቅ አድርጋ ትቆርጣለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራሁህ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በዒድ ቀን ስትደውል ስልኩን መጀመሪያ ያነሣችው እናታችን ነበረች። እንዳትነግሪው ብዬ እጇን ስጎትት ሁሉንም አፈረጠችው። ያልከውን እሷ ጮክ ብላ ደገመችልኝ። «ደረሰኙ ከባንኮኒው ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ቆርቆሮ አይነድም፤ ሄጄ አየዋለሁ» አልክ አሉ። ስልኩን ነጥቄ «ጋሼ እንዳትሄድ» ስል መስመሩ ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። እናታችን ካርድ አልቆበት ይሆናል ትላለች። እኔም ይሆናል እላታለሁ።

ገብረጻድቅ አባቱን ሊቀብር መጥቶ ነበር፤ ያው አንተ ከተማ ዳቦ ቤት ያለው ነው። ለቅሶ ልንደርሰው ሄደን ሰዎች ሲጠይቁት ሰማሁ። እናንተ ሎኬሽን በምትሉት በዚያ የድሆች ሰፈር ነገሩ ገና አልበረደም አለ። አንድ የሆሳዕና ልጅ «ከተቃጠለው የተረፈችኝን ዕቃ ልልቀም» ብሎ በጠራራ ፀሐይ ተመልሶ ሬሳው ነው የወጣው አለ። የልጁን ስም ጠየቅኩት፤ አንተ አይደለህም። ግን አንተ መሆን አለመሆንህን ለማወቅ ስም እስኪጠራ የጠበቅኩትን ያህል በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። ማሽኑን ሸጥኩት። ባለፈው ማክሰኞ አልአዛር ውስጡን አጥቦ ባዶ አደረገው፤ አንድ ከዲላ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገዛው። የሚያይ ልጅ ነው። አልአዛር ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዘፈን ከፍቶ ሞከረው፤ ድምፁ ጥሩ ነው አለ። አዎ ጥሩ ነው አልኩት። ሲከድነው ያቺን የክዳኑን «ቀጭ» ሰማሁ፤ ይዞት ወጣ። ጋሼ፣ ከእንግዲህ ያንተን ቁጥር የሚጠይቅ ማሽን ቤታችን የለም። ያንን ሣጥን ብታገኘው፣ ደረሰኙም ሳይነካ ውስጡ ቢሆን፣ ደረሰኙ የሚያስከፍተው ነገር የለንም። የምትሄድለት ነገር አልተውኩልህም። እናታችን አታውቅም፤ አልጋው ሥር የተቀመጠ ይመስላታል። ድምፅህን የሰማን ዕለት እነግራታለሁ።

በላብህ የገዛኸውን ሸጠችው ብለህ እንዳትቀየመኝ። ብትቀየመኝም በስልክ ተቀየመኝ። አልዋሽህም፣ ከፍቶኛል። ጠዋት ስነሣ እጄ ጆሮ ማዳመጫውን ይፈልጋል። ለትምህርት ቢሮ አስተምራለሁ ብዬ አመልክቼ ነበር፤ ገና መልስ አልሰጡኝም። አስካለ የጎረቤት ልጆች እንግሊዝኛ አስጠኚ ብላ ሁለት አምጥታልኛለች። ሌላም ነገር አይጠፋም ይሆናል። አዲስ እገዛልሻለሁ እንዳትለኝ ግን። መጀመሪያ አንተ እግርህ ሥር ምንጣፍ ይኑርህ።

እናታችን አስማ «ልጄ ሆይ፣ አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ፤ ሶላትህን አትተው፤ ደረቅ ዳቦ ብቻ አትብላ» ብላ ትመርቅሃለች። ጋሽ ጠሀ፣ እውነተኛው፣ ስለ አንተ ሳይጠይቁ አያልፉም። አልአዛር ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ለጠገነበትም አላስከፈለኝም። ይህን የምትጽፍልህ አስካለ ሳታውቅህ ሰላም ትልሃለች፤ በሃይማኖቷ እየጸለየችልህ ነው፣ አትቃወመኝ ብላለች። እዚያ ያሉትን የአገራችንን ልጆች በሙሉ፣ ያስጠጋህን የወልቂጤውን ሰውዬም፣ በእኔ ስም እጅ ንሣልኝ።

ደብዳቤውን የያዘው ገብረጻድቅ ነው፤ ዓርብ ይበራል። ለሌላ ለማንም እንዳትሰጥ፣ በእጁ አስይዘው፣ ካጣኸው ደግሞ መልሰህ ለእኔ ላከው ብዬ አስምዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። ከሄደበት ቀን ጀምሮ ስልኩ ከሱቁ ባንኮኒ ላይ ከአጠገቤ አይለይም። ገብረጻድቅ ደውሎ «ሰጥቼዋለሁ» እንዲለኝ አልፈልግም፤ አንተው ደውልልኝ።

ስሜን ራሴ ነው የፈረምኩት፤ አስካለ ማስመሪያ ይዛልኛለች፣ ከመስመር ወጥቶ እንደሆነ ይቅርታ።

እህትህ ናዲያ አብዱልሃሚድ
ሀዋሳ፣ መናኸሪያ ሰፈር
ጥቅምት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.